በወንድሜ ደም ውስጥ ስንት ነኝ?

መልእክቱ የመጣው ሥራ ላይ እያለሁ ነው። ወንድሜ የላብራቶሪ ውጤቱን ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል። ከሥሩ አንድ መስመር ጽፏል፦ «እታለም፣ 0.28 ከመቶ ነሽ ይላል።» ሳቄ አመለጠኝ። አጠገቤ የተቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ቀና ብሎ እስኪያየኝ ድረስ ሳቅኩ። ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ማታ ጋደም ስል ያው ቁጥር ነው የሚመጣብኝ።

ወንድሜ የሚኖረው በኔ ኩላሊት ነው። ንቅለ ተከላው ከተደረገ ቆየት ብሏል። ኩላሊቴ ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ በስተቀኝ በኩል፣ ከቆዳው ብዙም ሳይርቅ ተቀምጧል። የራሱ ሁለቱ አልወጡም፤ እዚያው ጀርባው በኩል አሉ። ይህን ስናገር ሰው ይገርመዋል። «እና ሦስት ኩላሊት አለው ማለት ነው?» ይሉኛል። አዎ፣ ሦስት አለው። የሚሠራው አንዱ ነው እንጂ።

0.28 ምንድን ነው? የሁላችንም ደም ውስጥ ከሴል ውጭ የሚንሳፈፍ ዲኤንኤ አለ። ሴል ሲሞት ይፈርሳል። ውስጡ የነበረው ዲኤንኤ ይቆራረጥና ወደ ደም ይገባል። ወንድሜ ደም ውስጥ ያለው አብዛኛው የራሱ ነው። ጥቂቱ ግን የኔ ነው፤ ከኩላሊቴ የወጣ። ምርመራው ይህንን ጥቂት ከጠቅላላው ነጥሎ በመቶኛ ያስቀምጣል። እንግዲህ ያ ቁጥር የሚነግረን እሱ ሰውነት ውስጥ የኔ ሴሎች ምን ያህል እየሞቱ እንደሆነ ነው። ሲያንስ ደስ ይለናል። ሲበዛ እንጨነቃለን። ለወንድሜ ጤና ሲባል ደሙ ውስጥ እኔ ባነስኩ ቁጥር ይሻላል። አካሉን ለሰጠ ሰው ይህ ግራ የሚያጋባ ስሜት አለው፤ እንዴት እንደምገልጸው እንጃ።

ይሁን እንጂ የሚከነክነኝ ይህ ብቻ አይደለም። ምርመራው ከመታዘዙ በፊት ሐኪሙ የጠየቁን አንድ ጥያቄ አለ። እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ከክሪያቲኒን ልጀምር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ባለበት ቤት ክሪያቲኒንን የማያውቅ የለም። ከክትትል ሲመለስ በር ላይ «ስንት መጣ?» ይባላል። የምኑ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከፍ ካለ ቤቱ ጸጥ ይላል። ዝቅ ካለ ምሳ ይቀርባል።

ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። ኩላሊት ከደም አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ማክስ ያፌ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1886 ክሪያቲኒን ከፒክሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ቀለም እንደሚያወጣ ጻፈ። ዛሬም ብዙ ላብራቶሪዎች የሚሠሩት ከዚያ በመጣ ዘዴ ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው በከንቱ አይደለም።

ችግሩ ዘግይቶ መናገሩ ነው። ኩላሊት ትርፍ አቅም አለው። የተወሰኑት ማጣሪያዎች ሲጎዱ የቀሩት ሥራውን ይሸፍናሉ። ያን ጊዜ ክሪያቲኒን ምንም አይልም። የሚጮኸው መሸፈን ሲያቅታቸው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ውሻ ነው። ክሪያቲኒናቸው ቀጥ ብሎ እያለ ባዮፕሲ (ከኩላሊቱ ቁራጭ ተወስዶ የሚደረግ ምርመራ) ሲደረግላቸው ሪጀክሽን የሚገኝባቸው ሰዎች አሉ። የሰውነት መከላከያ ኩላሊቱን እያጠቃ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሁሉም ሰላም ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ያለ ጅብ ይጮኻል። ጡንቻው የዳበረ ሰው ከሌላው ከፍ ያለ ቁጥር ይኖረዋል። ብዙ ሥጋ በልቶ ወዲያው የተመረመረም ከፍ ሊልበት ይችላል። ከሁሉም የገረመኝ ኮትሪሞክሳዞል ነው። ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች የሳንባ ኢንፌክሽን እንዳይዛቸው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚወስዱት መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት ክሪያቲኒን ወደ ሽንት የሚወጣበትን አንዱን መንገድ ይዘጋል። ቁጥሩ ይወጣል። የኩላሊቱ የማጣራት አቅም ግን አልተነካም። «እሺ ሌላ መለኪያ ይፈለግ» ቢባል ሲስታቲን ሲ የሚባል አለ፤ ከጡንቻ ጋር እምብዛም ጉዳይ የለውም። እሱን ደግሞ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የመከላከያ ኃይልን የሚያፍን መድኃኒት ያዛባዋል። ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ይወስዳል። ምን ይሻላል!

የራሴንም ልንገራችሁ። ከመለገሴ በፊት ክሪያቲኒኔ 0.7 ነበር። አሁን 1.0 ነው። ሁለቱም ቁጥሮች አጠገብ የላብራቶሪው ወረቀት ምንም ምልክት አላደረገም፤ ሁለቱም «ኖርማል» ናቸው። በመካከላቸው ግን አንድ ሙሉ ኩላሊት ወጥቷል። የቀረው ኩላሊቴ ሥራውን ከፍ አድርጎ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን የድሮ አቅሜን መልሶልኛል። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ምንም እንዳልሆነ ይገምታል። ስለዚህ ንቅለ ተከላ ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች ወረቀቱ ላይ ካለው መደበኛ ልክ ይልቅ የሰውየውን የራሱን የቆየ ቁጥር ነው የሚያዩት። የወንድሜ የቆየ ቁጥር 1.2 ነው። ያን ሰሞን 1.5 መጣ።

አንድ ቁጥር፣ ሦስት ተጠርጣሪ

ከ1.2 ወደ 1.5 ለሌላ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። እኛ ግን ምሳችንን ሳንበላ ነው ሐኪሙ ዘንድ የሄድነው።

ሐኪሙ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ሦስት ነገር እንደሚጠረጥሩ ነገሩን። አንደኛው ሪጀክሽን ነው። የወንድሜ መከላከያ ሴሎች ወይም አንቲቦዲዎቹ የኔን ኩላሊት እንደ ባዕድ አይተው እያጠቁት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው የመከላከያ ኃይሉን ይበልጥ ማፈን ነው፤ ብዙ ጊዜ በደም ሥር በሚሰጥ ከፍተኛ ስቴሮይድ ይጀመራል።

ሁለተኛው ቢኬ ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ነው የታወቀው። ስሙን ያገኘው መጀመሪያ ከተገኘበት ሰው ስም መነሻ ፊደላት ነው፤ ያ ሰው ራሱ ኩላሊት የተተከለለት ነበር። አብዛኞቻችን በልጅነታችን ይዞን ኩላሊታችን ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ጤነኛ ሰው ላይ ምንም አያደርግም። መከላከያ ኃይል በመድኃኒት ሲታፈን ግን ይነሳና ኩላሊቱን ያበላሻል። ቫይረሱን ለይቶ የሚገድል አስተማማኝ መድኃኒት የለም። የሚደረገው የሚያፍነውን መድኃኒት መቀነስ ነው።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ራሱ መድኃኒቱ ነው፤ ታክሮሊመስ። እ.ኤ.አ. በ1984 ጃፓን ውስጥ ከቱኩባ አካባቢ አፈር በተገኘ ባክቴሪያ ነው የተለየው። ኩላሊቱን ከሪጀክሽን የሚጠብቀው እሱ ነው። ሲበዛ ግን ወደ ኩላሊቱ ማጣሪያዎች ደም የሚያስገቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያጠባል። ደም ካልደረሰ ማጣራት የለም። እዚህም መፍትሔው መቀነስ ነው።

እስቲ አስቡት። ቁጥሩ አንድ ነው፣ 1.5። አንዱ ምክንያት «ጨምር» ይላል፣ ሁለቱ «ቀንስ» ይላሉ። ቫይረስ ሆኖ ሳለ ሪጀክሽን ነው ብሎ የጨመረ ሰው ቫይረሱን አበላው ማለት ነው። ሪጀክሽን ሆኖ ሳለ የቀነሰ ደግሞ በር ከፈተለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ቦታ ቀልድ አይደለም፤ የፈሰሰው ኩላሊት ከሆነ አይለቀምም።

የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ባዮፕሲ ነው። በአልትራሳውንድ እያዩ፣ ቦታውን አደንዝዘው፣ በመርፌ ከኩላሊቱ ቀጭን ቁራጭ ያወጣሉ። የተተከለ ኩላሊት ለቆዳ ቅርብ ስለሆነ መድረሱ አይከብድም። ያ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ የሚነበብበት ደንብም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ካናዳ ባንፍ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ተጀምሮ እስከዛሬ እየታደሰ ነው። ከባድ ደም መፍሰስ የሚያጋጥመው ጥቂቱን ነው። ያም ሆኖ ባዮፕሲ ባዮፕሲ ነው። መርፌው የሚያመጣው በጣም ትንሽ ክፍል ነው፤ ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሁለት ፓቶሎጂስቶች አንዱን ስላይድ አይተው የማይስማሙበት ጊዜም አለ። ወንድሜ ከዚህ በፊት አንዴ አድርጎታል። ለሰዓታት በጀርባው ተጋድሞ፣ ከዚያ ሽንቱ ላይ ደም አይቶ የደነገጠውን ዛሬም ያነሳዋል። ባዮፕሲ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ያቺ ጥያቄ

ሐኪሙ ያኔ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ከባዮፕሲ በፊት አንድ የደም ምርመራ ማዘዝ እችላለሁ» አሉ። «ከማዘዜ በፊት ግን እንስማማ። ዝቅ ብሎ ቢመጣ ምን እናደርጋለን? ከፍ ብሎ ቢመጣስ?»

ወንድሜ እኔን አየኝ። እኔም እሱን። «ያንን እርስዎ ያውቁታል እንጂ ዶክተር» አለ።

«እኔ የማውቀውን እነግርሃለሁ። አንተ ግን ከፍ ብሎ መጥቶ ‹ባዮፕሲ አልፈልግም› የምትል ከሆነ ደምህን በከንቱ አልቀዳም።»

ወረቀት አወጡና ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ በኩል፦ ዝቅ ካለ ባዮፕሲውን ለጊዜው እናቆየዋለን፣ የመድኃኒቱን ልክ እናያለን፣ ክሪያቲኒኑን ቶሎ ቶሎ እንደግማለን፤ ካልወረደ ግን ባዮፕሲው ይደረጋል። በሌላው በኩል፦ ከፍ ካለ ባዮፕሲ፣ ያለ ክርክር። ወንድሜ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እሺ» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ማዘዣው የተጻፈው።

ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ እያመላለስኩ ሳስበው ከርሜአለሁ። ስንት ምርመራ «እስቲ እንየው» ተብሎ ብቻ ይታዘዛል? ውጤቱ ይመጣል። ከዚያ ተቀምጠን ትርጉም እንፈልግለታለን። ከፍ ካለ ፍርሃት ይወስንልናል። ዝቅ ካለ ደግሞ ምኞት። እኛ ግን ቁጥሩ ሳይመጣ፣ ልባችን ገና ሳይደነግጥ ወስነን ወጣን። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው። ግን ስንት ዓመት ሆስፒታል ስመላለስ ማንም ጠይቆን አያውቅም።

ቱቦው

ደም የምትቀዳው ልጅ ከሌሎቹ ቱቦዎች ለየት ያለ አወጣች። ደሙ ከገባ በኋላ አልነቀነቀችውም። ቀስ ብላ ገለበጠችው፣ መለሰችው፣ ደግማ ገለበጠችው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት አስረዳችኝ። ነጭ የደም ሴሎች ቱቦው ውስጥ ከፈረሱ የራሱ የወንድሜ ዲኤንኤ ይፈስና ድርሻዬን ያሳንሰዋል። ቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሴሎቹ እንዳይፈርሱ ይይዛቸዋል። ከዚያ ናሙናው ታሽጎ ሄደ።

ሐሳቡ የመጣው ከእርጉዝ ሴቶች ነው ማለት ይቻላል። ደም ውስጥ ከሴል ውጭ ዲኤንኤ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1948 ማንደልና ሜቴ የተባሉ ፈረንሳዮች ጽፈው ነበር። ለብዙ ጊዜ ግን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 ዴኒስ ሎ እና ባልደረቦቹ ወንድ ልጅ ያረገዙ እናቶች ደም ውስጥ ዋይ ክሮሞዞም አገኙ። ሴት ዋይ ክሮሞዞም የላትም፤ የጽንሱ ነው። በዓመቱ እነዚሁ ተመራማሪዎች ከወንድ አካል የተተከለላቸውን ሴቶች ደም መረመሩ። እዚያም ዋይ ክሮሞዞም አገኙ። የለጋሽ ዲኤንኤ ተቀባዩ ደም ውስጥ እንደሚገኝ የታየው በዚህ ነው።

የኛ ነገር ግን ተቃራኒ ነው። እኔ ሴት፣ እሱ ወንድ። የኔን ከሱ ለመለየት ዋይ ክሮሞዞም ምንም አይጠቅምም። የዛሬው ምርመራ በሰው ሁሉ ዲኤንኤ ላይ ከሰው ሰው የሚለያዩ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን ነው የሚያየው። እህትና ወንድም ስለሆንን ብዙዎቹ ነጥቦች ላይ አንድ ነን። የምንለያይባቸው ይበቃሉ። አንድ ዓይነት መንትዮች ቢሆኑ ግን ምርመራው አይሠራም፤ የሚለየው ነገር የለም። የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ የተደረገው በእንደዚህ ዓይነት መንትዮች መካከል ነበር። የቀዶ ሕክምናውን ቡድን የመሩት ጆሴፍ መሬይ እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። እነዚያ መንትዮች ይህ ምርመራ ቢኖር አይሠራላቸውም፣ ደግሞም አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ሰውነት የመንትያውን ኩላሊት ባዕድ አይልም።

ይህ ዲኤንኤ ደም ውስጥ አይቆይም። በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ክሪያቲኒንን የሚበልጥበት አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ያለፈውን ሳይሆን የሰሞኑን ጉዳት ይናገራል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለሚፈልግ ሐኪም ይህ ትልቅ ነገር ነው።

0.28 ያላለው

እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ 102 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። ባዮፕሲ ተደርጎላቸው ደማቸውም ተለክቷል። ሪጀክሽን ያልነበረባቸው ሰዎች መካከለኛ ቁጥር 0.3 ከመቶ ነበር። በአንቲቦዲ የሚመጣው ሪጀክሽን ያለባቸው 2.9 ነበሩ። ዝቅና ከፍ የሚለይበት መስመር 1 ከመቶ ላይ ተሠመረ። ወንድሜ ይህንን ሲያነብ 0.28ን አይቶ እልል ሊል ምንም አልቀረው።

እኔ ግን ቀጣዩን መስመር አንብቤያለሁ። ከ1 በታች ከመጣላቸው መቶ ሰዎች 84ቱ ሪጀክሽን የለባቸውም። 16ቱ አለባቸው ማለት ነው። ከ1 በላይ ከመጣላቸው መቶ ሰዎች ደግሞ 61ዱ ላይ ሪጀክሽን አለ፤ 39ኙ ላይ የለም። በአንቲቦዲ የሚመጣውን ብቻ ለይተን ካየን ዝቅ ያለ ቁጥር በጣም አስተማማኝ ነው፤ ከመቶ 96። ቲ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች የሚያመጡት ቀለል ያለ ሪጀክሽን ግን ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፈዋል። ከፍ ማለቱም ምክንያቱን አይናገርም። ቢኬ ቫይረስም ያወጣዋል፣ የኩላሊት ኢንፌክሽንም ያወጣዋል። የሚለው «ሴል እየሞተ ነው» ብቻ ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ አይጠቁምም።

መቶኛ መሆኑም ጣጣ አለው። ወንድሜ ከባድ ኢንፌክሽን ቢይዘው፣ ወይም በኃይል ስፖርት ሠርቶ ወዲያው ደም ቢሰጥ፣ የራሱ ዲኤንኤ ደሙ ውስጥ ይበዛል። የኔ ድርሻ ያን ጊዜ ያንሳል። ኩላሊቴ ግን አልተሻለውም። ለዚህ ነው አንዳንድ ላብራቶሪዎች ከመቶኛው ጎን በሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ቅጂ እንዳለ የሚጽፉት። የወንድሜ ወረቀት ላይ መቶኛው ብቻ ነበር። ሐኪሙ ይህን አይተው «ያን ዕለት ትኩሳት ነበረህ?» ብለው ጠየቁት። አልነበረውም።

ታዲያ ምክንያቱን ምን ነገረን? የድሮው፣ ማንም የማያወራለት ምርመራ። የታክሮሊመስ ልክ የሚወሰደው የጠዋቱ ክኒን ከመዋጡ በፊት ነው። ውጦ የመጣ ሰው ቁጥሩ በውሸት ይሰቀላል። ሐኪሙ «ጠዋት ውጠሃል?» ሲሉት ወንድሜ ከኪሱ ክኒኑን ከነመጠቅለያው አወጣና አሳያቸው። በማግሥቱ ውጤቱ መጣ። ለሱ የሚፈለገው 7 አካባቢ ነው። 15 ሆኖ ተገኘ።

እንዴት? ጉሮሮውን ታሞ ሌላ ቦታ ታክሞ ነበር። ክላሪትሮማይሲን ታዘዘለት። ታክሮሊመስን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም ይህ አንቲባዮቲክ ያግደዋል። መድኃኒቱ አልሰባበር ብሎ ደሙ ውስጥ ተጠራቀመ። ወንድሜ ንቅለ ተከላ እንዳደረገ እዚያ ላከመኝ ሐኪም ነግሬአለሁ ይላል። ያዘዘለት ሰው ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው እንደማይሄዱ አላየም፣ የሸጠለትም አላየም። እዚህ ላይ ብዙ ማለት እችላለሁ፤ ልተወው።

እንግዲህ 15 ከመጣ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም? አይደለም። ታክሮሊመስ ከፍ አለ ማለት ሪጀክሽን የለም ማለት አይደለም። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ሪጀክሽን ኖሮ መድኃኒቱን ብንቀንስ እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ይሆናል። ቢኬ ቫይረስ ተመርምሮ የለም ተባለ። የኔን ሴሎች የሚያነጣጥሩ አንቲቦዲዎችም አልተገኙም። የቀረው የኔ ቁጥር ነበር። 0.28 የመጣው ያኔ ነው። የደም ሥሩ ጠበበ እንጂ ሴሎቹ በብዛት እየሞቱ አይደለም፤ ከመድኃኒት መብዛት ጋር የሚገጥም ነገር ነው። ከወረቀቱ በአንዱ በኩል የተጻፈውን አደረግን። መድኃኒቱ ተቀነሰ። ክሪያቲኒኑ 1.3 ሆነ፣ ከዚያ 1.2። ባዮፕሲው ቀረ።

ሰው ሲያወራ ሁልጊዜ የሚያሞግሰው በሽታ ያገኘውን ምርመራ ነው። እኛን ግን ምንም ያላገኘውም ምርመራ ጠቅሞናል። መጠበቅ የምንችልበትን ድፍረት ሰጠን። ብቻውን ቢሆን ግን አላምነውም ነበር። ከታክሮሊመሱ፣ ከቫይረሱ፣ ከአንቲቦዲው፣ ደግሞም ክሪያቲኒኑ መውረዱን ካየን በኋላ ነው ያመንኩት። ያ የተናቀው ክሪያቲኒን መጨረሻ ላይ ምስክር ሆኖ ቀረበ።

በየወሩ ይሁን?

አሁን ከወንድሜ ጋር የምንከራከረው ስለዚህ ነው። እሱ ምርመራው በየወሩ ይደረግልኝ ይላል። «ማወቅ ምን ይጎዳል?» ነው ጥያቄው። እኔ ይጎዳል እላለሁ። ምንም ያልሆነ ሰው ደጋግሞ ሲለካ አንድ ቀን ከመስመሩ በላይ መውጣቱ አይቀርም። ያን ቀን በወረቀቱ መሠረት መርፌው ይገባል። ባዮፕሲን ለመሸሽ የጀመርነው ነገር ወደ ባዮፕሲ ይወስደናል።

በማስረጃም ልረታው ሞክሬአለሁ። ሲኤክስሲኤል 10 የሚባል ሽንት ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን አለ። ኩላሊቱ ውስጥ ብግነት ሲኖር ይጨምራል፤ መርፌም አያስፈልገውም። ስዊዘርላንድ ባዝል ውስጥ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ሞከሩት። የአንዱን ወገን ውጤት ሐኪሞቹ እያዩ እርምጃ ወሰዱ፣ የሌላውን አላዩም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲታተም በዓመቱ መጨረሻ ሲያዩ የነበሩት ከማያዩት የተሻለ ውጤት አልነበራቸውም። ምልክቱ ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ ብግነቱን በትክክል ያሳያል። ማየቱ ብቻ ግን የኩላሊቱን ዕድል አልቀየረም። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2013 ከ485 ሰዎች በተወሰዱ 4,300 የሽንት ናሙናዎች ላይ አርኤንኤን፣ ማለትም ሴል ከዲኤንኤ የሚገለብጠውን መልእክት፣ የለካ ጥናት ነበር። ባዮፕሲ ሪጀክሽንን ከማሳየቱ በፊት ምልክቱ ሲጨምር ታይቶ ነበር። ሰዉ ሁሉ ባዮፕሲ ሊቀር ነው ብሎ ነበር። እሱም የተለመደ የክትትል ምርመራ አልሆነም።

ወንድሜ በዚህ አይረታም። «እነሱ እነሱ ናቸው፣ እኔ እኔ ነኝ» ይላል። የሱንም እረዳዋለሁ። በሁለት ክትትል መካከል ያሉትን ሳምንታት የሚኖረው እሱ ነው። ማታ ተነስቶ እግሩ አብጦ እንደሆነ ጣቱን ተጭኖ የሚያየው እሱ ነው። እኔ ኩላሊቱን ሰጥቼ ቤቴ ገብቻለሁ።

ሐኪሙ አስታረቁን። ምርመራው የሚታዘዘው ምክንያት ሲኖር ነው፦ ክሪያቲኒኑ ከቆየው ቁጥሩ ሲለይ፣ አዲስ አንቲቦዲ ሲገኝ፣ ወይም መድኃኒት የተቋረጠበት ጊዜ ካለ። ወንድሜ እያጉረመረመ ተቀበለ።

አሁን ደግሞ ስለ ቲቲቪ አንብቦ መጥቷል። ማንንም የማይጎዳ፣ አብዛኛው ሰው ደም ውስጥ የሚኖር ቫይረስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓን ውስጥ የተገኘ። መከላከያ ኃይል በጣም ሲታፈን ይበዛል፣ ማፈኑ ሲላላ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰውየው የሚወስደው መድኃኒት በዝቶ ወይም አንሶ እንደሆነ ይጠቁማል የሚል ተስፋ አለ። ወንድሜ አትሞ ይዞት ገባ። ሐኪሙ አነበቡት፣ መለሱለት፣ «ከፍ ብሎ ቢመጣ የትኛውን ክኒን ነው የምንቀንሰው?» ብለው ጠየቁት። ለሚቀጥለው ቀጠሮ መልስ ይዤ እመጣለሁ ብሏቸዋል።